«አዎ ልጄ፣ ገብቶኛል»

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ነጭ ክኒን፣ ቢጫ ክኒን፣ ግማሹ የተሰበረ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከዋርዳችን ከወጡ አሥራ አንደኛ ቀናቸው ነበር። እግራቸው እንደገና አብጧል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ይወስዳሉ።

«የውሃው መድኃኒት የትኛው ነው እማማ?» አልኳቸው።

ትንሽ አዩትና «ይሄ መሰለኝ» አሉ። አልነበረም።

በልብ ድካም ተኝተው የነበሩትን እኒህን እናት ወደ ቤታቸው የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ምን እንዳልኳቸው ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ የትኛውን ጠዋት፣ የትኛውን ማታ፣ ጨው እንዲተዉ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ቶሎ እንዲመጡ። በመጨረሻም «ገባዎት እማማ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አዎ ልጄ፣ ገብቶኛል። እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ፣ ጉንጬን ስመው ተለዩኝ። እኔም ቻርቱ ላይ የመውጫ ምክር እንደተሰጠ ጽፌ ፈረምኩ።

አሁን ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ምንም አልደበቁኝም። እብጠቱ ሲጎድል ላሲክሱን፣ ውሃ የሚያወጣውን ክኒን፣ ትተውታል። «እግሬ ከጎደለ ወዲያ ምን ልሁን ብዬ ልዋጠው?» አሉ። ጨውስ? «ኧረ ጨው በአፌ አልዞረም!» ታዲያ ምን ይበሉ ነበር? ሽሮ። በርበሬ የገባበት ሽሮ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት እንደሚፈጭ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ እናቴ ቤት በርበሬ ሲደለዝ እያየሁ ነው ያደግኩት። ለእሳቸው ግን «ጨው» ማለት ወጥ ላይ ጣል የሚደረገው ነው። እሱን ትተዋል። ያልኳቸውን አድርገዋል። ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ።

የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ነኝ። ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን በሽተኛ በሸኘሁ ቁጥር ያ የነጠላ ጫፍ ይታየኛል።

«ገባዎት?» ጥያቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። እንደ ሰላምታ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲባል ጥርሱ እያመመውም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል ሰው የለም። «ገባዎት?» ሲባልም «አዎ» ነው መልሱ። ሌላ መልስ መስጠት ከባድ ነው። እኛ ዘንድ «አልገባኝም» ማለት የነገረችህን ልጅ «በደንብ አልነገርሽኝም» ብሎ እንደ መውቀስ ነው፣ እሷ ደግሞ ስትሮጥ ውላለች፣ ሌላም በሽተኛ እየጠራት ነው፣ ደግሞስ ሰው ሁሉ እየሰማ? ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሆስፒታል በር ላይ አይቀርም፤ አብሮ ገብቶ አልጋው ላይ ይተኛል። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ «ማንበብ አልችልም» አይልም። «መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው» ይላል። እንዲህ ሲሉኝ ስለ መነጽሩ ሁለተኛ አላነሳም፤ ወረቀቱን አስቀምጬ በእጄ ማሳየት እጀምራለሁ።

የመውጫው ቀን ራሱ ለማስተማር አይመችም። የሐኪሞቹ የጠዋት ጉብኝት፣ ራውንዱ፣ አልቆ «ዛሬ ይወጣሉ» ከተባለ በኋላ ማንም ጆሮ የለውም። ልጅየው ሂሳብ ሊከፍል ሮጧል፣ የጤና መድህን ደብተሩ ማህተም ይጎድለዋል፣ መድኃኒቱ ግማሹ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ የለም ተብሏል፣ ወደ ሀገር ቤት የሚሄደው አውቶቡስ ሊሞላ ነው። በሽተኛው አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን አድርጓል። ልቡ አውቶቡስ ተራ ደርሷል። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ቆሜ የአምስት መድኃኒት ዝርዝር እነግረዋለሁ።

ሮይ ኬስልስ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ላይ፣ ሰው ሐኪም ቤት ከሚነገረው ውስጥ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው ይረሳል፣ አስታውሳለሁ ከሚለውም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ነው ይላሉ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደንግጬ ነበር። የረሳ ሰው «ረሳሁ» ብሎ ይጠይቃል። አጣሞ የያዘ ሰው ግን አይጠይቅም፤ እርግጠኛ ነው፣ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚሳሳተው።

የሰዓትን ነገር ልንገራችሁ። በሳንባ ምች ተኝቶ የነበረ አንድ ጎልማሳ አሞክሳሲሊን ይዞ ወጣ። «በየስምንት ሰዓቱ አንድ ፍሬ» ተባለ። ሲመለስ ክኒኑ አላለቀም፣ ሳሉም አልተወውም። እንዴት እንደዋጠው ስጠይቀው «በስምንት ሰዓት ነዋ» አለኝ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ ፍሬ፣ አንድም ቀን ሳያዛንፍ። እንዲህ በሥርዓት የሚወስድ በሽተኛ አላየሁም። አማርኛው ለሁለቱም ይሆናል እኮ! እኛ ቻርታችን ላይ 6፣ 14፣ 22 ብለን እንጽፋለን፣ በአፋችን 12፣ 8፣ 4 እንላለን፤ ሌሊት ተነስተን ስንሰጠው አይቶ እንደሚገባው እናስባለን። «በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ» የሚባለው መድኃኒት ብዙ ችግር የማያመጣብን እኛ ጎበዝ ሆነን አይደለም። ንጋትም አሥራ ሁለት ነው፣ ምሽትም አሥራ ሁለት ነው፣ በአጋጣሚ ገጠመ።

ከዚያ በኋላ በሰዓት አልናገርም። በቀኑ ውስጥ ባለ ነገር ነው የምናገረው። ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሳሉ? ቡና መቼ ይፈላል? ከብት የሚገባው መቼ ነው? ራት ሲበሉ ቤት ማን አለ? ይህን ከጠየቅኩ በኋላ «አንዱን ሲነሱ፣ አንዱን ከምሳ ጋር፣ አንዱን ሲተኙ» እላለሁ። የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ የሚጻፈው 1×3 የሚል ነገርም ለእኛ ነው የሚገባው። 2×1 እና 1×2 ልዩነታቸው ሁለት ፍሬ በአንዴ ነው ወይስ አንድ አንድ ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህን ሰው እንዲሁ ከየት ያውቀዋል? እኔ ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ። ሥዕሌ ቆንጆ አይደለም፣ ግን ያልገባው ሰው አላጋጠመኝም።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ነው። ቀጠሮ በፈረንጅ አቆጣጠር 12/3 ተብሎ ይጻፋል። ማርች 12፣ በእኛ መጋቢት 3 ማለት ነው። የካቲት ውስጥ የወጣ ሰው ወረቀቱን ለሰፈሩ ተማሪ ሲያስነብብ ግን ልጁ «ኅዳር 12» ብሎ ያነብለታል፣ ሰውየውም ዘጠኝ ወር ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ እኔ «በበዓታ ዕለት ይምጡ» እላለሁ፣ «ከማርያም ማግስት»፣ ሙስሊም ከሆኑ «ከጁምዓ በኋላ ባለው ሰኞ»፣ ከገጠር ከመጡ በገበያ ቀን። በወረቀት የጻፍኩት ቀን ይጠፋል፣ የማርያም ዕለት ግን አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰውየው እንደገባው የማውቀው ራሱ ሲነግረኝ ብቻ ነው። ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። በዚያው በ2003 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ በዲን ሺሊንገር የተመራ አንድ ጥናት ሐኪሞች ከስኳር በሽተኞች ጋር ሲነጋገሩ ቀርጾ አዳምጧል። ሐኪሞቹ አዲስ ከነገሯቸው ነገሮች ውስጥ በሽተኞቹ በትክክል መያዛቸውን ያረጋገጡት 12 በመቶውን ብቻ ነበር። ያረጋገጡላቸው በሽተኞች ስኳራቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ውይይቱም በዚህ ምክንያት አልረዘመም። «ጊዜ የለንም» ለምንል ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ለዓመታት «ጊዜ የለኝም» ስል ኖሬያለሁና።

ግን አጠያየቁ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «እስቲ ይድገሙልኝ» ካልኩ የስድሳ ዓመት አባትን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቆምኳቸው ማለት ነው። ይቀየማሉ። ወይም ያፍራሉ፣ ይህ ይብሳል። እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ «አባባ፣ እኔ ስቸኩል ነገር ትቼ እሄዳለሁ። ቤት ሲደርሱ እሜቴ ‹ምን አሉህ?› ሲሉዎት ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ጥፋቱ ካለ የእኔ እንደሆነ መጀመሪያ እናገራለሁ፤ እውነቱም እሱ ነው። ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ነው ከሁሉ የከበደኝ። ሲሳሳቱ ወዲያው ልገባ እፈልጋለሁ፣ አፌን ይበላኛል፤ ካቋረጥኳቸው ግን የቀረውን አልሰማም፣ እነሱም መናገር ያቆማሉ።

አንዳንዴ ደግሞ አፍ አይበቃም፣ እጅ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ ነበሩ፣ ኢንሱሊን አዲስ የጀመሩ። ደመና የሚመስለውን ጠርሙስ በመዳፍ መሃል ቀስ ብለው እንዲያንከባልሉት፣ እንዳይነቀንቁት ነገርኳቸው። «ጠዋት ስንት ዩኒት ይወጋሉ?» ስላቸው «አሥራ ሁለት» አሉ። ትክክል ነው። የት? ሆድ ላይ፣ ቦታ እየቀያየሩ። ትክክል። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ግን «እስቲ ቀድተው ያሳዩኝ» አልኩ። መርፌውን በዚያ ወፍራም ጣታቸው ያዙና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መስመሮቹን ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ አቆሙና በኩራት አሳዩኝ።

ሃያ አራት ነበር። መቶ ዩኒት የሚይዘው መርፌ ላይ አንዱ ትንሽ መስመር ሁለት ነው። እሳቸው አንድ መስመር፣ አንድ ብለው ቆጠሩ። ማንስ ቢሆን?

እጄ ቀዘቀዘ። ያን ቀን እንዲያው በቃል ተነጋግረን ብንለያይ፣ እርሻ ውለው፣ በዚያ ላይ ጾም ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ... መጨረስ አልፈልግም። አብረን እንደገና ቆጠርን። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። አምስት ጊዜ ቀዱ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን እኔ ሳልናገር በትክክል። ስኳራቸው ወርዶ ላብ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልባቸው ከመታ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው እንዲጠጡ፣ የስኳር ቋጠሮ ከኪሳቸው እንዳይጠፋ ተነጋገርን። ፍሪጅ የላቸውም። በትልቅ ገንቦ ውስጥ ትንሽ ገንቦ አስገብተው፣ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልተው፣ ጥላ ያለበት ማስቀመጥ እንደሚቻል ስነግራቸው «ለቅቤ እንደምናደርገው?» አሉና ፊታቸው በራ። ከነገርኳቸው ሁሉ ያን የሚረሱት አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ገና ሳልጨርስ የራሳቸው አደረጉት።

ስለ ጾሙም ሳልጠይቅ አልሸኝም። ለታመመ ሰው ጾም ቢቀርም ኃጢአት እንደሌለው ቄሱም ሼኩም ይናገራሉ፣ ግን ብዙ ሰው እየታመመም ይጾማል፣ ለነርስ ደግሞ አይናገርም። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ የልብ በሽተኞች አሉን፤ የጾም ወራት ሲገባ ማዕዳቸው ላይ ጎመን ይበዛል፣ ጎመን ደግሞ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። «ጎመን አትብሉ» ማለት ቀላል ነው፣ ግን ጾም ላይ ምን ይብሉ? ጎመኑን ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን እንዲበሉ፣ አንድ ሰሞን አብዝተው አንድ ሰሞን እንዳይተዉት ነው የምነግራቸው፤ ጾም ሲገባም የደም ምርመራውን እንዲያስታውሱ። ጸበልም እንዲሁ ነው። «ጸበል ይሄዳሉ?» ብዬ በግልጽ፣ ፊቴን ሳላጠቁር እጠይቃለሁ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለሕዝቡ ተናግረው ነበር። ይህን ስነግራቸው ትከሻቸው ሲላላ አያለሁ። መድኃኒቱን የሚያቆሙት ንቀውት አይደለም፤ አንዱን መምረጥ ያለባቸው ስለሚመስላቸው ነው።

ሌላው ስህተታችን የምንነግረውን ሰው አለመምረጣችን ነው። ሲወጡ አልጋው አጠገብ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የያዘው የወንድም ልጅ ነው። ከተማ ስለሚያውቅ የተላከ ነው፣ ነገ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቤት ውስጥ ክኒኑን የምትሰጠው ምራት ናት፣ ወጡን የምትሠራውም እሷ ናት፣ እሷ ግን ዋርዱን አይታው አታውቅም። አሁን «ቤት መድኃኒቱን ማን ይሰጥዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እሷ ከሌለች በስልክ እደውላለሁ። በስልኳ መልሳ እንድትነግረኝም አደርጋለሁ። አማርኛ የማይናገሩ ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለአያቱ ሲያስተረጉም፣ እኔ የተናገርኩት አምስት ዓረፍተ ነገር እሱ ጋ ሲደርስ ሁለት ቃል ሲሆን አይቻለሁ። ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ ፈልጎ ማምጣት አሥር ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል። ይፍጅ።

የእናቶች ክፍል የምትሠራ ጓደኛዬ ሁልጊዜ የምትነግረኝ ደግሞ አለ። ለጨቅላ ሕፃን እትብት የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን እና ለዓይን የሚደረገው ቅባት አንድ ቤት ሊገኙ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የእትብቱ መድኃኒት በስህተት ዓይን ውስጥ እየገባ ዓይን ጎድቷል። «ለእትብት ነው» ተብሎ ሳይነገር ቀርቶ አይሆንም። ተነግሮ ይሆናል፣ እናትየዋም ከምጥ በወጣች ማግስት ራሷን ነቅንቃ ይሆናል።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በሽተኛው ይዞት የሚሄደው የመውጫ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ሌላ ሐኪም እንዲያነበው ነው፣ ይገባኛል። ግን የመድኃኒቱ ባለቤት ሰውየው ነው። አንዲት ግማሽ ገጽ በሚያነበው ቋንቋ፣ ምን እንደታመመ፣ ምን እንደሚውጥ፣ ምን ሲሆን እንደሚመለስ የምትናገር፣ ይህን ያህል ውድ ነገር አይደለችም። እኛ ዋርድ በእጃችን እየጻፍን ጀምረናታል። ሥራ በዝቶብን የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንድ ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስድስት ሰው በአንድ ጠዋት ይወጣል፣ የስድስቱም አልጋ ገና ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ቀን መጀመር የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት። ክኒን ስሰጥ ዝም ብዬ መዳፋቸው ላይ አላስቀምጥም። «ይህቺ የውሃዋ ናት፣ ሽንት ታበዛለች» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን «ይህቺስ?» እላቸዋለሁ። በአምስተኛው ቀን ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ይነግሩኛል፣ አንዷን የረሳሁ ቀንማ «የውሃዋ የታለች?» ይሉኛል። የመውጫው ቀን ሲደርስ የሚቀረን ጥቂት ነው።

ያን ጊዜ የተመለሱትን እናት እንደዚያ ነው የያዝኳቸው። ስምንት ቀን ተኙ። የልጅ ልጃቸው አስታማሚ ሆና መጣች፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። እያንዳንዱን ክኒን በየከረጢቱ ለያየን፣ ፀሐይና ጨረቃውን እሷ ሣለች፣ የላሲክሱ ላይ ደግሞ የውሃ ጠብታ ጨመረችበት። ሚዛን ቤታቸው የለም፤ ስለዚህ ጫማ ሲጠብባቸው፣ ወይም ሌሊት ሁለተኛ ትራስ ሲያስፈልጋቸው እንዲመጡ ተስማማን። በርበሬ ያለ ጨው ለብቻቸው እንዲዘጋጅ ለምራታቸው በስልክ ነገርኳት፤ ቅር አላላትም፣ «ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ» ብቻ አለችኝ።

ሊወጡ ሲሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ጎረቤት ሊጠይቅዎት ሲመጣ ምን ብለው ይነግሩታል?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልቤ ደክሟል፣ ውሃ ይቋጥራል። ይህቺ ጠብታ ያለባት ውሃውን ታወጣዋለች። ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ማታ የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳታስነሳኝ።» ቆም አሉ። «እግሬ ሲጎድል...»

ጠበቅኩ። የልጅ ልጃቸው አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኳት።

«እግሬ ሲጎድልም አልተውም» አሉ። «የጎደለው በእሷ ነው።»

እኔ እንዲያ ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ለሁሉም የምነግረው በእሳቸው ቃል ነው።